የእታለም ቁልፎች

አባቴ «ሂድና እታለምን ይዘሃት ና» ብሎ ሲልከኝ፣ አንዲት አሮጊት አሳምኖ አውቶቡስ ላይ ማሳፈር ምን ይከብዳል ብዬ ነበር የተነሳሁት። እታለም የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ «እታለም» ስለሚላት እኛ ልጆቹም ያንኑ ይዘን ቀረን። አላገባች፣ አልወለደች። ሀብታሞች ለእረፍት በሚወጡበት ተራራ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ቤት ስትጠብቅ ኖራለች። አልፎ አልፎ ትደውላለች፣ «ደህና ነኝ» ትላለች፣ ትዘጋለች። ባለፈው ስትደውል ግን አባቴን ድምጿ አላማረውም።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ፋይል አስራለሁ፣ እለያለሁ፣ በተራ እደረድራለሁ። የተዝረከረከ ነገር ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሚስቴ «አንተ ሰውዬ የድመቷንም ጢም በቁመት ሳትደረድር አትቀርም» ትለኛለች። ይህን ጠባዬን ከወዲሁ የማነሳው በኋላ ያጠፋሁት ጥፋት ከዚሁ ስለመጣ ነው።

አውቶቡሱ ያወረደን ከከተማው በታች፣ ከዛፎች ጀርባ ነው። እዚያ ከተማ አውቶቡስ ለዓይን አይፈቀድም መሰለኝ። ሻንጣዬን ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ። መንገዱ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል፤ አንዲት ወረቀት እንኳ አልወደቀችም። ጉም ከላይ ወርዶ የቤቶቹን ጣሪያ በልቶታል። በአንድ ሱቅ መስኮት አንድ ሹራብ ብቻውን ተሰቅሏል፤ ዋጋ የለውም። ዋጋ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያውኑ እንዲገባ አልተፈለገም። ከእኔ ካፖርት የተሻለ ካፖርት የለበሰ ውሻ በገመድ እየተሳበ አለፈኝ፣ ገልመጥ አድርጎኝ። ብርዱ ሲጠናብኝ አንድ ካፌ ገብቼ ሻይ አዘዝኩ። ሂሳቡ ሲመጣ ብርጭቆውን አብረው የሸጡልኝ መስሎኝ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ቤቶቹ ናቸው። ትልልቅ፣ በድንጋይና በእንጨት ያማሩ፣ በየመስኮታቸው መብራት የበራ ቤቶች ናቸው። ሰው ግን የለም። ሳል የለም፣ የሕፃን ለቅሶ የለም፣ የድስት ክዳን ድምፅ የለም። አንዱ ቤት ፊት ቆሜ ረጅም ጊዜ ብጠብቅ መጋረጃ እንኳ አልተነቃነቀም።

እታለም የምትኖረው ከአንዱ ቤት ጋራዥ ሥር ባለች ክፍል ነው። መስኮቷ ከመሬት ጋር እኩል ስለሆነ የሚታየው የመኪና ጎማ ብቻ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር፣ ምስማሩ ላይ የቁልፍ ቀለበት። በሩን ከፍታ ፊት ለፊቴ ቆማ «ማነው?» አለችኝ። ማንነቴን ስነግራት በሁለት እጇ ፊቴን ዳሰሰችው፤ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን። ናፍቆት ነው ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ናፍቆት ብቻ አልነበረም። ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። ይህን ያወቅሁት በአራተኛው ቀን፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። አሁን አስቀድሜ የምነግራችሁ ሞኝነቴ ከሥር ከመሠረቱ እንዲታያችሁ ነው።

ሻይ ቀዳችልኝ፣ ጣቷን በብርጭቆው አፍ ላይ አድርጋ። ጨዋታ ጨዋታ እያስመሰልኩ የመጣሁበትን አነሳሁ።

«እታለም፣ አባባ ይዘሃት ና ብሎኛል።»

«አባትህ ደግሞ። ሻንጣ መሰልኩት እንዴ?»

«አርጅተሻል እኮ።»

«አንተም ታረጃለህ። የወረፋ ጉዳይ ነው።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ሐሙስ የሚያሠራኝ ኩባንያ ኃላፊ ይመጣል» አለች። «በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ቤቶቹን አንድ በአንድ ከፍቼ አስጎበኘዋለሁ። ካላጎደልኩ ለአንድ ዓመት ይፈርምልኛል።»

«ካልፈረመስ?»

«ካልፈረመማ ይችን ክፍልም እለቃለሁ። ያኔ ይዘኸኝ ትሄዳለህ፣ ደስ ይበልህ።»

«እኛ ቤት ምን አለበት? አባባ ክፍል አዘጋጅቶልሻል።»

«የሰው ፊት እሳት ነው ልጄ፣ የወንድምም ፊት ቢሆን። እናትህ ደግ ሴት ናት፤ ምሳዬን ታቀርብልኛለች፣ እኔም አመሰግናለሁ እላለሁ። ማታም ታቀርብልኛለች፣ አመሰግናለሁ እላለሁ። እስክሞት አመሰግናለሁ ስል ልኖር ነው? እዚህ የማመሰግነው ሰው የለም። በገዛ እጄ እከፍታለሁ፣ በገዛ እጄ እዘጋለሁ።»

እውነቷን ነው። በዚያች ቅጽበት የአባቴን ትእዛዝ ትቼ ወደ እሷ ዞርኩ። ሐሙስን በደንብ እንድታልፍ አግዛታለሁ፣ ከዚያ ብቻዬን እመለሳለሁ፣ አባቴ የሚለውን ይበል ብዬ ቆረጥኩ። ይህን ሳስብ ስለ ራሴ ጥሩ ስሜት ተሰማኝ።

ማክሰኞና ረቡዕ ተከትያት ዋልኩ። ሌላ ሰው ማስገባት ክልክል ነው፤ «ኃላፊው ባየህ ጉዴ ፈላ» እያለች በጓሮ በሠራተኛ መንገድ ትወስደኝ ነበር። ሠራተኛ በዋናው መንገድ ሲመላለስ እንዲታይ አይፈለግም። መንገዱ ከቤቶቹ ጀርባ፣ በቆሻሻ ማጠራቀሚያዎቹ መሃል የሚያልፍ ጠባብ ደረጃ ነው። እታለም ደረጃውን ስትወርድ በከንፈሯ የሆነ ነገር ታነበንባለች። ዘፈን መስሎኝ ነበር፤ ለካ እርምጃ ትቆጥራለች።

አሥራ አራት ቤት ነው ያላት። ገብታ መስኮት ትከፍታለች፣ ቤቱ ሻጋታ ሻጋታ እንዳይል። የቧንቧውን ውኃ የዛገው እስኪወጣ ታፈሳለች። የሶፋውን ትራስ ትመታለች። በአንደኛው ቤት ትልቅ የግድግዳ ሰዓት አለ፤ ማንም የማያየውን ሰዓት በየሦስት ቀኑ ትሞላለች። ሲመሽ ሲመሽ ደግሞ ተመልሳ መብራቶቹን ታበራለች፣ ሰው ያለ እንዲመስል። ለካ ስመጣ ያየሁት መብራት ሁሉ የእሷ ነው።

«የዘጠነኛው ቤት ሰዎች በስድስት ዓመት ሁለት ቀን ነው ያደሩት» አለችኝ አልጋውን እያለሰለሰች። «አንድ የልጅ ጫማ ረስተው ሄዱ። ይመለሱበታል ብዬ አስቀምጬዋለሁ። ልጁ ይሄኔ ጺም አብቅሏል።»

እኔ ሁለት ሌሊት ብቻ በተተኛበት አልጋ ጠርዝ ቆሜ የልጅነት ቤታችንን አስታወስኩ። እቤት እኔና ሦስት ወንድሞቼ በአንድ ፍራሽ ነው ያደግነው። ተቆጣሁ፣ ግን በማን ላይ እንደምቆጣ አላወቅሁም። የሚቆጡት ሰው እንኳ የለም እኮ እዚያ ቤት።

መብራት ስታበራ እጇን ወደ አምፖሉ ጠጋ ታደርጋለች። በሰባተኛው ቤት ማብሪያውን ተጭና ልትወጣ ስትል፣ «አልበራም እኮ» አልኳት። ቀጥ አለች።

«አውቃለሁ። ልለውጠው ነው» አለች። ከዚያ፣ «የድሮ አምፖሎች ይሞቁ ነበር። የዘንድሮዎቹ ሬሳ ናቸው፤ ቢበሩም ባይበሩም አንድ ናቸው።»

እኔም ሽማግሌ ሁሉ የድሮን ዕቃ ያመሰግናል ብዬ አለፍኩት። እኔው ወንበር ላይ ወጥቼ አምፖሉን ለወጥኩላት። እንደዚያም ሆኖ አልገባኝም። የሌላ ሰው ፋይል ውስጥ የጎደለች አንዲት ገጽ ከሩቅ የምለይ ሰውዬ ይህን አላየሁም!

ወደ ቁልፎቹ ልምጣ። ኩባንያው በቁልፍ ላይ ቁጥር መጻፍ ይከለክላል፤ ቢጠፋ ሌባ የትኛው የየትኛው ቤት እንደሆነ እንዳያውቅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ የሁሉንም ቤት ቁልፍ በአንድ ዓይነት ስለቀየሩት አንዱ ከሌላው አይለይም። እታለም በእያንዳንዱ ላይ ቁራጭ ክር አስራበታለች። ክሩ ከእጅ ብዛት ጠቁሯል፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኗል፣ አይጥ ያኘከችው ነው የሚመስለው። ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ክር ባየሁ ቁጥር ያሳክከኝ ነበር። ያ ጨዋ ኃላፊ ይህን ጉድ ሲያይ ምን ይላል? እያልኩ እጨነቅላት ነበር።

ረቡዕ ማታ፣ መብራቶቹን አብርተን ከተመለስን በኋላ፣ እታለም ገላዋን ልትታጠብ ከግቢው ማዶ ወዳለው መታጠቢያ ሄደች። ቦርሳዬ ውስጥ ምንጊዜም የፋይል ማሰሪያ አይጠፋም፤ ሰባት ቀለም አለው። ቁልፎቹ ቀለበቱ ላይ በቤቶቹ ተራ ነው የተሰኩት፣ ያንን ሳያት አውቄዋለሁ። ስለዚህ ከአንድ እስከ ሰባት ላሉት ነጠላ ማሰሪያ፣ ከስምንት እስከ አሥራ አራት ላሉት ድርብ ማሰሪያ አደረግሁ። አንደኛው ቀይ፣ ሁለተኛው ቢጫ፣ ሦስተኛው አረንጓዴ፣ እያልኩ ወረድኩ። አሮጌዎቹን ክሮች በመቀስ ቆረጥኳቸው። ቁልፎቹን በሳሙና አሸሁ። መልሼ ስሰካቸው፣ መሥሪያ ቤት እንደለመድኩት፣ ቀዩን ከቀይ፣ ቢጫውን ከቢጫ አጠገብ አደረግሁ፤ ለዓይን እንዲያምር። ዝርዝሩን በጥሩ የእጅ ጽሑፌ ጻፍኩ። የቤት ቁጥር በወረቀት ላይ እንጂ በቁልፍ ላይ አልተጻፈም፣ ደንቡም አልተጣሰ። ክሮቹን ወስጄ ጓሮ ቆሻሻ ውስጥ ጨመርኩ። ከዚያ ቀለበቱን ምስማሩ ላይ ሰቅዬ ጠዋት ላስደንቃት ዝም አልኩ። እኩላለሁ ብሎ ዓይን አጠፋ የሚሉት እኔን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ነጠላ ጫማዋን በቆዳ ጫማ ለውጣ፣ ፀጉሯን አስራ፣ ወደ ምስማሩ እጇን ሰደደች። ጣቶቿ ማሰሪያዎቹ ላይ ሲያርፉ ቆሙ። አንዱን ነካች፣ ሌላውን ነካች፣ ቀለበቱን ዙሪያውን ዳበሰችው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቀየርኩልሽ! በቀለም ለየሁልሽ። አያምርም?»

«ክሮቹስ?»

«ጣልኳቸው። ቆሽሸው ነበር እኮ እታለም።»

«የት?»

«ጓሮ፣ ቆሻሻ ውስጥ።»

አልጋው ላይ ቁጭ አለች። በዚያ ከተማ የቆሻሻ መኪና የሚመጣው ጎህ ሳይቀድ ነው፣ እንግዶች እንዳያዩት። ያን ጊዜ ሁለት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኔ ዝምታዋን እንደ መደነቅ ቆጥሬ ዝርዝሩን ሰጠኋት። አላየችውም፤ አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ጎበዝ» አለችኝ። «ጥሩ አድርገሃል።» ቀጥላ አፏን ከፈት አድርጋ ቆየችና፣ «አብረኸኝ አትሄድም?» አለች።

«ኃላፊው ካየህ ጉዴ ፈላ ያልሽው አንቺው ነሽ!»

«እሱስ ልክ ነህ» አለች።

ተነስታ ወጣች። እኔም ላለመታየት በጓሮ መንገድ ዞሬ ከመጀመሪያው ቤት አጥር ኋላ ቆምኩ። ኃላፊው ቁልፎቹን አይቶ ሲያደንቅ መስማት አማረኝ። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ለዚያ ነው የሄድኩት።

ኃላፊው ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። ከመኪናው ወርዶ ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ እማማ» አላት። የድንጋዩን ደረጃ አብረው ወጡ። እታለም አልተደናቀፈችም፤ እርምጃውን ታውቀዋለች። በሩ ላይ ቁልፎቹን አነሳች። አንዱን ሞከረች፣ አልገባም። ሌላ ሞከረች። ሌላ። ጉሙ ወርዶ አጥሩን አልፎ ፊቴን አረጠበው። ኃላፊው መጀመሪያ ስልኩን ያይ ነበር፣ ቆይቶ ቀና አለ።

«ኧረ ቁልፎቹን አሳምረዋቸዋል! በቀለም ነው?»

«አዎ፣ በቀለም ነው።»

«ዝርዝር አለው?»

ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። አነበበ። «አንደኛ ቤት፣ ነጠላ ቀይ። ይኸው እኮ፣ ቀላል ነው።»

እታለም ጣቶቿን አንቀሳቀሰች፣ ነጠላ የሆነ አንድ ማሰሪያ ያዘችና ከፍ አድርጋ አሳየችው። ከአጥሩ ኋላ ሆኜ አየሁት። አረንጓዴ ነበር።

«ይሄ አረንጓዴ ነው እማማ» አለ በቀስታ።

«ውይ፣ አዎ» አለችና ሌላ አነሳች። ሰማያዊ።

ያኔ ነው የገባኝ። ጣቷ በብርጭቆው አፍ፣ እጇ በአምፖሉ አጠገብ፣ ፊቴን መዳሰሷ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ኃላፊውም ድምፅ ሳያሰማ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄደ።

«ጉሙ ነው፣ ብርሃኑን ወሰደው» አለች እታለም፣ ኃላፊው ቀድሞ ወደነበረበት ባዶ ቦታ ፈገግ ብላ። «ትንሽ ይታገሱኝ፣ አሁን አገኘዋለሁ።»

አጥሩን ዘልዬ ሮጥኩ። «እኔ ነኝ! ቁልፎቹን የቀያየርኳቸው እኔ ነኝ፣ እሷ ጥፋት የለባትም!» እያልኩ። ኃላፊው ዞሮ አየኝ። «እርስዎ ደግሞ ማነዎት? ቁልፎቹን እንዴት አገኟቸው?» ሲለኝ ጭራሽ እንደባስኩባት ገባኝ።

አልጮኸባትም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ሦስት ዓመት ይሆነኛል። ግን አንድ ብርጭቆ ሰብሬ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ነገር ግን እሳት ቢነሳስ? ከደረጃ ቢወድቁስ? እኔ ነኝ የምጠየቀው።» እጁን ዘረጋ። እጁ መዘርጋቱን ስላላየች እኔ ነገርኳት። ቀለበቱን ሰጠችው። እስከ ቅዳሜ ክፍሉ ውስጥ እንድትቆይ ፈቀደላት። ሊሄድ ሲል ማሰሪያዎቹን እያገላበጠ፣ «የቀለሙ ነገር ግን ጥሩ ዘዴ ነው። ለሚተካው ሰው በዚሁ እንቀጥላለን» አለ። ለማመስገን ያለው ነው፤ ክፋት አልነበረበትም።

ቅዳሜ አውቶቡስ ውስጥ የመስኮቱን ወንበር ሰጠኋት፣ ከዚያ ትርጉም እንደሌለው ትዝ አለኝ። ግማሽ መንገድ ሄደን ነው ስለ ክሮቹ የነገረችኝ። ዓይኗ ሲደክም በጣቷ እንድታነባቸው የቋጠረቻቸው ናቸው። ትንሽ ቋጠሮ አንድ ነው፣ ትልቅ ቋጠሮ አምስት ነው። አሥራ አራተኛው ቤት ሁለት ትልቅ፣ አራት ትንሽ።

«ጠዋት ብትነግሪኝ እኮ አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር!» አልኳት። «ዝርዝሩ ነበረኝ፣ መልሼ እቋጥርልሽ ነበር!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር። ከነገርኩህ አባትህ ያውቃል፣ አባትህ ካወቀ ያው ነው ብዬ... ደግሞ ደስ ብሎህ ነበር። ድምፅህ እንደ ልጅ ሆኖ ነበር።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «አብረኸኝ አትሄድም ወይ አልኩህ። ከዚያ በላይ መለመን አልቻልኩም።»

የቀረውን መንገድ አለቀስኩ፣ ድምፄን ዋጥ አድርጌ። እሷ ግን ሰምታኛለች፤ ጆሮዋ ምን ይሳነዋል።

አባቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። እህቱን አቅፎ ሲያበቃ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ጎበዝ! እኔን ሃያ ዓመት ያቃተኝን አንተ በአምስት ቀን!» አለ። እስካሁን ሰው ሲመጣ ይህንኑ ያወራል። እኔም እስካሁን አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ።

እንግድነት እንዳይሰማት ብሎ የቤታችንን ቁልፍ አስቀረጸላት። እታለም ቁልፉን ተቀብላ ጠራችኝ። «ክር አምጣና ቋጥርልኝ» አለች።

«ስንት ልቋጥር?»

«ስንት ቤት አለኝና? አንድ።»

አንዲት ትንሽ ቋጠሮ ቋጥሬ ከአልጋዋ በላይ ምስማር ላይ ሰቀልኩላት። ቁልፉ እዚያው እንደተሰቀለ ነው። እኛ ቤት ሰው ስለማይጠፋ በሩ ቀን አይቆለፍም፣ ብቻዋን ደግሞ የትም አትወጣም።

እኔና ሚስቴ የምንኖረው እዚያው ግቢ ስለሆነ በየማታው ሄጄ አያታለሁ። ሲመሽ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ሰዓቱ ይታወቃታል። ከወንበሯ ትነሳና ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ መብራቱ ማብሪያ ትሄዳለች። እናቴ እጇ ላይ ያለውን ጥላ ትሮጣለች፤ ደግ ሴት ናት። «ኧረ ይቀመጡ እታለም፣ ይቀመጡ፣ እኔ አበራዋለሁ» ትላታለች።

«አመሰግናለሁ» ትላለች እታለም፣ ትቀመጣለች።